ሦስተኛው ሲሊንደር ለምን ተቃጠለ?

ቮልስ ስትግል አትፈላም፤ የሚፈላ ውሃ የላትም። ራዲያተር የለም፤ ኮፈን ሲከፈት ፊት የሚጋረፍ እንፋሎት የለም፤ በአብዛኞቹ የድሮ ቮልሶች ዳሽቦርድ ላይ የሙቀት ጌጅ እንኳ የለም። ሾፌሩ ነገሩን የሚያውቀው በአፍንጫውና በእግሩ ነው። የተቃጠለ ዘይት ይሸተዋል፤ ነዳጅ ይረግጣል፣ ሞተሩ ግን እንደ ወትሮው አይታዘዝለትም። ያን ጊዜ ዳር ይዞ ካላቆመ ቀጥሎ የሚሰማው ሞተሩ ነከሰ የሚል ወሬ ነው።

መካኒሳ አቦ ወር በገባ በ5ኛው ቀን መንገዱ ይጨናነቃል። የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ መታሰቢያ ነውና ነጠላ የለበሰው ምእመን፣ ጧፍ ሻጩ፣ ሚኒባሱና የቤት መኪናው አንድ ላይ ይጋፋሉ። በእንዲህ ያለ ጠዋት አንዲት የ50 ዓመት ቮልስ ዘይት ዘይት ሸትታ ብትቆም የሚሆነውን ማንም የአዲስ አበባ ሰው አያጣውም። የኋላው ኮፈን ይከፈታል፤ ወዲያው ያልተጠራ ሐኪም ሁሉ ይሰበሰባል። አንዱ ቺንጋ ነው ይላል። ሌላው ካርቡራተሩን ይጠቁማል። ሦስተኛው ዘይቷ አልቋል ባይ ነው። አንድ አዛውንት ደግሞ የአቦን ደጅ ሳይሳለም ሊያልፍ የሞከረ ሰው ዕጣው ይኸው ነው ብለው ያማትባሉ። አራቱም የተናገሩት ስለ ምክንያት ነው፤ አራቱም የተናገሩት ግን አንድ ዓይነት ነገር አይደለም። ፈላስፎች ብዙ የደከሙበት ጥያቄ እዚህ ኮፈን ሥር ተገትሯል፦ አንድ ነገር ሲደርስ፣ ከጀርባው ከተሰለፉት ሁኔታዎች ሁሉ መርጦ አንዱን ብቻ ምክንያት ብሎ መጥራት በምን መብት ነው?

መልሱን ለመፈለግ መጀመሪያ ማሽኑን ማወቅ ይጠይቃል።

ቮልስ የምትቀዘቅዘው በነፋስ ነው። ሞተሩ ላይ የተቀመጠውን ዲናሞ የሚያዞረው አንድ ቺንጋ ነው፤ በዲናሞው ዘንግ ሌላኛው ጫፍ ላይ ደግሞ ፋኑ ታስሯል። ፋኑ በኮፈኑ ቀዳዳዎች የገባውን አየር በላሜራ ቤቱ ውስጥ እየገፋ በአራቱ ሲሊንደሮች ክንፎች መካከል ያሳልፈዋል፤ የጋለው አየር በሥር ይወጣል። ሞተሩንና ቦዲውን ዙሪያውን የሚያገናኘው ጎማ ሥራው በሥር የወጣው ግለት ተመልሶ ወደ ላይ እንዳይሳብ መከልከል ነው። ይህ ጎማ በዕድሜ ብዛት ደርቆ ሲሰነጠቅ፣ ወይም ሞተር በወረደ ጊዜ ተነቅሎ ምን ይረባል ተብሎ ሲጣል፣ ሞተሩ ያወጣውን ትኩስ አየር መልሶ ይስባል። የቀረውን ግለት የሚሸከመው ዘይቱ ነው። እሱም 2.5 ሊትር ብቻ ነው፤ በወንፊት እንጂ በፊልተር አይጣራም፤ የሚቀዘቅዘውም ከዚያው ከፋኑ ነፋስ በሚደርሰው ድርሻ ነው።

ዲናሞና ፋን በአንድ ቺንጋ መታሰራቸው ለምልክት ትርጉም ከማናቸውም የመማሪያ መጽሐፍ የተሻለ ምሳሌ ይሰጣል። ቺንጋው ሲበጠስ ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት ይበራል። መብራቱ የተሠራው ባትሪው ቻርጅ አለማድረጉን ለመናገር ነው፤ የሚናገረውም ይህንኑ ብቻ ነው። በሌላ መኪና የለመደ ሾፌር ባትሪው እስከ ቤት ያደርሰኛል ብሎ መንገዱን ይቀጥላል፤ ጥፋቱ የዲናሞው ብቻ ሲሆን ብዙ ጊዜ ይሳካለታል። በቮልስ ግን በዚያው ቅጽበት ፋኑም ቆሟል፤ እያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ሞተሩን ይጠብሰዋል። መብራቱ አልዋሸም። ስለ ባትሪ የተናገረው ሁሉ እውነት ነው። ሾፌሩ የሳተው ምልክቱ ከአፉ ያወጣውን ሰምቶ ከኋላው ያለውን ግንኙነት ባለማወቁ ነው። የዚህን ቺንጋ መንገድ ለማያውቅ ሰው ቀዩ መብራት ስለ ሙቀት አንዳች አይነግረውም። ምልክት አይቶ ወደ ምክንያት መሄድ የሚችለው ነገሩ እንዴት እንደተሠራ ቀድሞ የተማረ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሦስተኛው ሲሊንደር።

ቮልስ ላይ ያረጀ መካኒክ ሞተር አውርዶ ቴስታታ ሲፈታ ዓይኑ አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ሦስተኛው ሲሊንደር የጭስ ማውጫ ቫልቭ ነው። ከአራቱ ቶሎ የሚቃጠለው እሱ ነው። ለምን? ሾፌሩ ቢጠየቅ፣ እውነተኛ ከሆነ፣ ዳገት ላይ ማርሽ አልቀንስም ነበር ይላል። ቮልስ ላይ የፋኑ ፍጥነት የሚከተለው የመኪናዋን ሩጫ ሳይሆን የሞተሩን ዙር ነው። በአራተኛ ማርሽ እያቃሰተች ዳገት የምትወጣ ቮልስ ሸክሙ በዝቶባት ነፋሱ ያንሳታል፤ ሦስተኛ ማርሽ ገብታ ብትጮህ ይሻላት ነበር። ለሞተሩ ያዘነ የመሰለው ሾፌር በእርግጥ እያቃጠለው ነው። መካኒኩ ደግሞ የቫልቩ ክፍተት አልተስተካከለም ይላል። ቫልቭ ግለቱን የሚያራግፈው መቀመጫው ላይ ሲያርፍ ነው፤ ክፍተቱ ከጠበበ በደንብ አያርፍም፣ ካላረፈ አይቀዘቅዝም። በዎልፍስቡርግ የነበረው መሐንዲስ ሦስተኛ መልስ አለው። የዘይት ማቀዝቀዣው በፋኑ ቤት ውስጥ፣ ልክ ወደ ሦስተኛው ሲሊንደር በሚወርደው ነፋስ መንገድ ላይ ቆሟል፤ ነፋሱን ይጋርደዋል፣ ያለፈውንም ያሞቀዋል። ፋብሪካው ይህን ያውቅ ስለነበር በአንዳንድ ዲስትሪቢዩተሮቹ ላይ የሦስተኛውን ሲሊንደር እሳት ሆን ብሎ በጥቂት ዲግሪ ያዘገየው ነበር። ለ1971 ሞዴል ደግሞ ማቀዝቀዣውን ከመንገድ ገለል አድርጎ የራሱ መተንፈሻ ሠራለት።

ሦስቱም ትክክል ናቸው። የኦክስፎርዱ ፈላስፋ ኮሊንግውድ እ.ኤ.አ. በ1940 ስለ ሜታፊዚክስ ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ ነገር ያነሳው በመኪና ምሳሌ ነበር። መኪና ጠመዝማዛ ላይ ተንሸራቶ ቢገለበጥ፣ ለሾፌሩ ምክንያቱ ፍጥነቱ ነው፤ ለመንገድ መሐንዲሱ የመንገዱ ወለል፤ ለመኪና ሠሪው የዲዛይኑ ጉድለት። ለእያንዳንዱ ሰው ምክንያት የሚባለው እሱ ራሱ ሊያደርገው ወይም ሊከለክለው የሚችለው ሁኔታ ነው፤ ከዚህ ውጭ በደፈናው ምክንያት የሚባል ነገር የለም ይላል። ግሩም ሐሳብ ነው፤ ግን ከጋራዥ ይልቅ የቤተ መጻሕፍት ጠረን አለው። በኮሊንግውድ ዓለም ሰው ሁሉ ራሱ ሊያስተካክለው የሚችለውን ፈልጎ ምክንያቱ ይህ ነው ይላል። በተፈቱ ብሎኖች መካከል የሚሰማው ክርክር ግን በተቃራኒው ነው፤ ባለቤቱ በቀድሞው መካኒክ፣ መካኒኩ በነዳጁ፣ ሁለቱም በሠሪው ያሳብባሉ። ሰው ምክንያት ሲመርጥ እጁን የሚዘረጋው ብዙ ጊዜ የራሱ እጅ ወደማይደርስበት ነው።

ከፍታው ደግሞ ነገሩን ያከብደዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ አየሯ ከባሕር ዳርቻው አየር በሩብ ያህል ይሳሳል። የሳሳ አየር ክንፎቹን የማቀዝቀዝ ጉልበቱም ይሳሳል፤ ሞተሩም በዚያው ልክ ኃይሉ ስለሚቀንስ የሚያመነጨው ግለት ያንሳል። ለባሕር ጠለል የተሠራ ካርቡራተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ ማርሚታው ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። ስለዚህ ልባም መካኒክ ቤንዚን የሚያሳልፈውን ጂግለር በትንሽ ይቀይረዋል። ቮልሷ ትስተካከላለች። ከዚያ ባለቤቷ ቤተሰቡን ጭኖ ወደ አዋሽ ይወርዳል፤ ከተማዋ ያለችው 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አየሩ ይከብዳል፣ ቤንዚኑ ግን በትንሹ ጂግለር ተለክቶ ይመጣል፤ ድብልቁ ይሳሳል፣ ቃጠሎው ይግላል፣ የውጭው ሙቀትም ይጨመርበታል። በዚህ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በአዲስ አበባ ቤንዚን ላይ ኢታኖል መደባለቅ ተጀምሮ ነበር፤ መጀመሪያ 5 በመቶ፣ ኋላ 10 በመቶ። ኢታኖል ኦክስጅን ተሸክሞ ስለሚገባ ለድሮ ካርቡራተር ድብልቁን ጥቂት ያሳሳዋል።

አዋሽ ላይ ለጋለችው ቮልስ ምክንያቱ ታዲያ ምንድን ነው? ጂግለሩ? ትናንት ያዳናት እሱ ነበር። ቁልቁለቱ? ሺህ መኪና በየቀኑ ይወርደዋል። ያው ብረት፣ ያው ቀዳዳ፣ በአንድ ቀን ውስጥ መድኃኒትም በሽታም ሆኗል። ስለዚህ ምክንያት የሚባለው ነገር እንደ ብሎን ተፈትቶ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ዕቃ ነው ብሎ ማሰብ አያዋጣም። ጂግለሩን ብቻውን በእጅ ይዞ ቢያገላብጡት ጥፋት አይገኝበትም፤ ጥፋቱ ያለው በጂግለሩና በአዋሽ አየር መካከል ነው።

የአዛውንቱስ ነገር? ፈጥኖ መሳቅ ደግ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1111 ያረፈው ታላቁ የእስልምና ሊቅ አል-ጋዛሊ፣ እሳትና ጥጥ ሲገናኙ ጥጡ መንደዱን እናያለን እንጂ እሳቱ ማንደዱን አላየንም ሲል ተከራክሯል፤ የሚያነደው ፈጣሪ ነው፣ እኛ የምናየው የአንዱን ከሌላው ጋር መምጣት ብቻ ነው። የኮርዶባው ኢብን ሩሽድ በኋላ ሲመልስለት፣ ምክንያትን የካደ ዕውቀትን ራሱን ካደ አለ። ስኮትላንዳዊው ሂዩም እ.ኤ.አ. በ18ኛው ክፍለ ዘመን የጋዛሊን ግማሽ ክርክር ያለ ፈጣሪ ደገመው። ከመካኒሳ ሳይወጡ ይህን ክርክር በወጉ መቀጠል ይቻል ነበር፤ የመካነ ኢየሱስ ሴሚናሪ እዚያው ሰፈር ነውና፣ የነገረ መለኮት ተማሪና የቮልስ መካኒክ አንድ ሻይ ቤት ሊገናኙ ይችላሉ።

ይሁንና የአዛውንቱ ቃል ደካማነት ፈጣሪን በመጥራቱ አይደለም። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ውስጥ የሚቆጠረው መጽሐፈ ሲራክ ሐኪምን ማክበር እንደሚገባ፣ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር መሆኑን፣ አስተዋይ ሰው እንደማይንቀው ያስተምራል። ጸበልና ሐኪም በዚህ ትምህርት አይጣሉም፤ ዳሽቦርዱ ላይ ከአናብስትና ከአናብርቱ ጋር የተለጠፈው የአቦ ሥዕልና ኮፈን ሥር የገባው መፍቻም እንዲሁ። ደካማነቱ ሌላ ቦታ ነው። አዛውንቱ ፈጣሪን ጠርተው የፈረዱት በሰው ላይ ነው። የኢዮብ ወዳጆች ያደረጉት ይህንኑ ነበር። ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋር በአመድ ላይ የተቀመጠውን ሰው ከበው፣ መከራህ ከደረሰብህ ኃጢአት ሠርተሃል ብለው ደመደሙ፤ ከምልክቱ ወደ ምክንያቱ ዘለሉ፣ ማስረጃቸውም ቁስሉ ራሱ ነበር። በመጽሐፉ መጨረሻ የተገሠጹት እነሱ ናቸው። ኢዮብ ሲከራከር፣ ሲጠይቅ፣ አላውቅም ሲል ኖሮ ቅን ነገር የተናገረ ተባለ። ለምርመራ ሥነ ምግባር ከዚህ የበለጠ ጥንታዊ ምንጭ ማግኘት ያስቸግራል።

የቤተ ክርስቲያኒቱ ትምህርት ቤት ሌላም መሣሪያ አለው። በአንድምታው ጉባኤ መምህሩ አንዱን ንባብ በአንድ መንገድ ይተረጉምና፣ አንድም ብሎ ሁለተኛ ትርጓሜ ያመጣል፣ አንድም ብሎ ሦስተኛ። ተማሪው ሁሉንም በቃሉ ይይዛል፤ ሁለተኛው ሲመጣ የመጀመሪያው አይጣልም። ለጋለ ሞተር መካኒክ ከዚህ የሚሻል የአእምሮ ልምምድ የለም። ቺንጋው ላልቷል፤ አንድም እሳቱ ቀድሟል፤ አንድም ድብልቁ ሳስቷል፤ አንድም ነፋስ የሚያሳልፈው በር እንደተዘጋ ተጣብቆ ቀርቷል፤ አንድም አይጥ ፋኑ ቤት ውስጥ ጎጆ ሠርታለች። የመጨረሻው ቀልድ አይደለም፤ ለወራት ቆመው በተነሱ ቮልሶች ውስጥ በእርግጥ የሚገኝ ነገር ነው። መጥፎ መካኒክ ማለት ባለ አንድ ትርጓሜ ነው፤ ካርቡራተር የሚያውቅ ከሆነ የዓለም በሽታ ሁሉ ካርቡራተር ነው።

ልዩነቱ ጉባኤው ትርጓሜዎቹን ሁሉ ይዞ ለዘመናት መቆየት መቻሉ ነው። መካኒኩ እያንዳንዱን ለፈተና ማቅረብ አለበት፤ ፈተናውም ሥርዓት አለው። ጆን ስቱዋርት ሚል እ.ኤ.አ. በ1843 በሎጂክ መጽሐፉ እንዳስቀመጠው፣ ሁለት ሁኔታዎች በአንድ ነገር ብቻ ሲለያዩ ነው ስለዚያ ነገር መናገር የሚቻለው። ቺንጋ፣ ካንዴላ፣ ጂግለርና ዘይት በአንድ ከሰዓት በኋላ ለውጦ ሙቀቷ የወረደላት ቮልስ ድናለች፤ ስለ ምክንያቱ ግን ማንም ምንም አልተማረም። ስለዚህ ልባሙ ሰው ከቀላሉና ከርካሹ ይጀምራል፤ ቺንጋውን በአውራ ጣት ተጭኖ አንድ ተኩል ሳንቲሜትር ገደማ መውረዱን ያያል፣ ዘይቱን ይለካል፣ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የቫልቩን ክፍተት ይፈትሻል፣ እሳቱን ይለካል፣ ካንዴላውን ፈቶ ቀለሙን ያነባል። ነጭ ከሆነ ድብልቁ ሳስቷል፣ ጥቁር ከሆነ ቤንዚኑ በዝቷል። አንዱን ያስተካክላል፤ ነድቶ ይመለሳል።

ጌጅ ያለው መኪናም ከዚህ አያመልጥም። ከቮልስ ዕቃዎች ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ1948 የተወለደው ፖርሽ 356፣ ከእሱም በኋላ እስከ 1998 ድረስ በነፋስ እየቀዘቀዘ የተሠራው 911 ዘመዶቿ ናቸው። 911 ከቮልስ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ዘይት ይይዛል፤ ዘይቱ ራሱ የማቀዝቀዣው ግማሽ ነው፤ ዳሽቦርዱም ላይ የዘይት ሙቀት መርፌ አለ። መርፌው ወደ ቀዩ ሲጠጋ ባለቤቱ ይደነግጣል። ብልህ መካኒክ የመጀመሪያ ጥያቄው ግን ሞተሩ ጋለ ወይስ መርፌው ነው ያለው የሚል ነው። ሴንሰሩ ሊያረጅ፣ ሽቦው ሊበላሽ ይችላልና በኮቪድ ጊዜ ግንባራችን ላይ ይደገን የነበረውን ዓይነት ኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር አምጥቶ በመርፌው ላይ ያስመሰክረዋል። ምስክሩስ በማን ይታመናል ብሎ የሚጠይቅ ፈላስፋ አይጠፋም፤ መካኒኩ ግን ሁለት የማይተዋወቁ ምስክሮች አንድ ቃል ከሰጡት ብሎን መፍታት ይጀምራል።

ቮልስ በኢትዮጵያ ታሪክ የምትነሳበት አንድ ቀን አለ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስዋገን የኋላ ወንበር ተቀምጠው ነበር። የውድቀታቸው ምክንያት ተብሎ ያልተጠራ ነገር የለም፦ የወሎ ረሃብ፣ በ1966 ዓ.ም. ጥር የነገሌ ቦረና ወታደሮች ያነሱት አመፅ፣ የካቲት ላይ የነዳጅ ዋጋ ንሮ የታክሲ ሾፌሮች ያደረጉት አድማ፣ በዋዜማው ምሽት በቴሌቪዥን የታየው የጆናታን ዲምብልቢ የረሃብ ፊልም፣ የመሬት ጥያቄ፣ የንጉሡ ዕድሜ። እዚህ ላይ ታሪክ ጸሐፊው በመካኒኩ ይቀናል። 1966ን አምጥቶ፣ የነዳጁን ዋጋ ብቻ ቀንሶ፣ እስኪ ደግሞ አስነሱት ማለት አይችልም። ለዚህም ነው ስለዚያ ዓመት የሚጻፉ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ ከጸሐፊያቸው ወገን አንድ ምክንያት መርጠው የቀረውን በግርጌ የሚያልፉት።

ሞተር ላይ እንኳ፣ ፈተናው ሁሉ ተሠርቶ፣ አንድ የሚያስቸግር ነገር ይቀራል። ቺንጋው ትንሽ ላልቷል እንበል። ዙሪያ ጎማው በአንድ በኩል የለም። የሦስተኛው ቫልቭ ክፍተት ጠብቧል። ጂግለሩ ለደጋ የተመረጠ ነው። ሾፌሩ ዳገት ላይ ማርሽ አይቀንስም። ከእነዚህ አንዱም ብቻውን ሞተር አያቃጥልም፤ ከአምስቱ አንዱ እንኳ ቢስተካከል ቮልሷ ሳትነክስ ትደርስ ነበር። ጥፋቱ በአምስት ይካፈል ቢባል ሒሳቡ አይሠራም፤ እያንዳንዱ ያለ እኔ አይሆንም ነበር ማለት ይችላል፣ እያንዳንዱም እኔ ብቻዬን ምን አደረግሁ ማለት ይችላል። ሁለቱም እውነት ነው። ሽማግሌ ቢቀመጥበት እንኳ ካሣውን ሊያካፍል ይችል ይሆናል እንጂ ምክንያቱን ማካፈል አይችልም።

ደረሰኙ ላይ የሚጻፈው ግን ዋጋ የወጣለት ብቻ ነው፦ ቺንጋ አንድ፣ ቫልቭ ማስተካከያ፣ ዘይት 2.5 ሊትር፣ የእጅ ዋጋ። ከዓመታት በፊት ጎማውን ነቅሎ የጣለው ሰው፣ ማቀዝቀዣውን በሦስተኛው ሲሊንደር ነፋስ ላይ ያቆመው መሐንዲስና ዳገቱን በአራተኛ ማርሽ የወጣው ሾፌር እዚያ ውስጥ የሉም። ባለቤቱ ከፍሎ፣ ቺንጋ ነበር ለካ እያለ፣ በአራተኛ ማርሽ ወደ ሳር ቤት ይወጣል።